«የት ሙዚየም ነው ያለው?» ለሚል ወንድምሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ወንድምሽ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ «መጽሐፍ ቅዱስ ተረት ነው፣ የታሪክ ማስረጃ ካላችሁ አምጡ» እያለ እናታችሁን እያስለቀሰ ነው። አንቺም የአርኪዮሎጂ ማስረጃ ጠቁሙኝ ብለሻል። እኔ ጋ ወንድም ሳይሆን የእህቴ ልጅ ነው። ኢንጂነሪንግ። ሌላው ሁሉ ያው ነው። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ቢያንስ ከባነር ወጪ ትተርፊያለሽ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1ኛ. በየቴሌግራሙ የሚዞረውን ቪዲዮ አትንኪው። በተለይ «የፈርዖን ሰረገላ ጎማ ከቀይ ባሕር ተገኘ» የሚለውን።

እኔ ነካሁት። ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጁ ለክረምት ሲመጣ «ቆይ አሳየዋለሁ» ብዬ ሦስት ሳምንት ሌሊት እየተቀመጥኩ 43 ስላይድ ሠራሁ። ፕሮጀክተር ከኪሴ ተከራየሁ። ባነር አሳተምኩ፣ ሦስት ሜትር በሁለት፣ መሐሉ ላይ የወርቅ ጎማ ያለበት። ጎማው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እናቶች እልል አሉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ጎማው አሁን የት ሙዚየም ነው ያለው?»

ይቺን ብቻ ነው የጠየቀኝ። ግብጽ አልኩት። «ግብጽ የት?» ካይሮ መሰለኝ አልኩ። ስልኩን አወጣና ለአዳራሹ ጮክ ብሎ አነበበ። ወሬውን ያመጣው አንድ አሜሪካዊ የማደንዘዣ ነርስ ነው። የታተመ የቁፋሮ ሪፖርት የለም። ጎማውም በየትኛውም ሙዚየም የለም። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዷ እናት ብቻ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ሲሉ ተሰማ።

ያበገነኝ መሸነፌ አይደለም። ስላይድ 31 ላይ የጲላጦስ ድንጋይ ነበረኝ፤ ጥርት ያለ ማስረጃ። ግን ከጎማው በኋላ ማን ይሰማኛል? እውነተኛውም ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ወደቀ። ትንሽ ያጽናናኝ ነገር ገንዘብ ያላቸውም መታለላቸው ነው። ዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልል (ሙት ባሕር አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተገኙት የጥንት ጽሑፎች) ቁርጥራጮች ብሎ የሰበሰባቸው 16ቱም ሐሰተኛ መሆናቸው በ2020 ታውቋል። ምስጋና ይግባቸውና አስመርምረው ራሳቸው ተናገሩ። እኔ ግን ያን ቀን ፕሮጀክተሩ ተበላሸ ብዬ ነው የወጣሁት።

2ኛ. እያንዳንዱ ማስረጃ ሥር የት ተገኘ፣ መቼ፣ ማን አገኘው፣ አሁን የት ተቀምጧል የሚሉትን ጻፊ። አንዱ ከጎደለሽ ተዪው።

የጲላጦስ ድንጋይ በዚህ ወንፊት ያልፋል። በ1961 ቂሣርያ ላይ ጣሊያኖች የሮማውያንን ቲያትር ሲቆፍሩ ተገኘ። ደረጃ ሆኖ ነበር፣ ሰው ሲረግጠው የኖረ። ላዩ ላይ በላቲን «ጳንጥዮስ ጲላጦስ፣ የይሁዳ ገዥ» የሚል ተርፏል። አሁን ኢየሩሳሌም፣ እስራኤል ሙዚየም ነው ያለው። ግን እንደ ብዙ ሰባኪዎች «ከ1961 በፊት ጲላጦስን የሚያውቅ የውጭ ጸሐፊ አልነበረም» እንዳትዪ። ውሸት ነው። የጥንቶቹ አይሁዳውያን ጸሐፊዎች ዮሴፈስና ፊሎን፣ ሮማዊው ታሲተስም ጽፈውታል። ይልቅ ይሄን ንገሪው፦ ታሲተስ ለጲላጦስ የሰጠው ማዕረግ ድንጋዩ ላይ ካለው ይለያል። የታሪክ ጸሐፊም ማዕረግ ይስታል። ወንድምሽ ኢንጂነር ከሆነ ይሄ ይጥመዋል።

ደግሞም ድንጋዩ ትንሣኤን አያረጋግጥም። ሰውዬው እዚያ አገር፣ በዚያ ሥልጣን ላይ እንደነበረ ነው የሚናገረው። ከዚያ በላይ አታሸክሚው።

ሁለተኛው የቴል ዳን ድንጋይ ነው። በ1993 ሰሜን እስራኤል የአርኪዮሎጂስቱ የአብርሃም ቢራን ቡድን አገኘው። እሱም የግንብ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ የሶርያ ንጉሥ ድሉን ሲፎክርበት «ቤተ ዳዊት» የሚል ጽፏል። ዳዊት የሚባል ሰው አልነበረም፣ የተፈጠረ ነው ሲሉ የነበሩ ምሁራን ነበሩ። ምስክሩ ጠላት መሆኑ ነው ደስ የሚለኝ።

የአሦሩ ንጉሥ የሰናክሬም ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ነገሥት ካልዕ 18ን ክፈቺ። የአሦር ንጉሥ በሕዝቅያስ ላይ 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ጫነበት ይላል። ሰናክሬም ራሱ በሸክላ ላይ ያስጻፈው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ወርቁ 30፣ ልክ ነው። ብሩ ግን 800። ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም «እንደ ወፍ በቀፎ» ዘጋሁበት ይላል፤ ከተማዋን ያዝኩ ግን አይልም። 46 ከተሞች ያዝኩ ብሎ የሚፎክር ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ቢይዝ ዝም ይል ነበር? ለእህቴ ልጅ ይሄን ሳሳየው መጀመሪያ ያየው 800ውን ነው። «አይገጥምማ» አለ። አይገጥምም አልኩት። የግብር ደረሰኝ የተቀባዩና የከፋዩ ገጥሞ ያውቃል? ሳቀ። ከዚያ አዳራሽ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

3ኛ. የሚቃወምሽን እሱ ከማንሳቱ በፊት ራስሽ አንሺው። እኔ ኢያሪኮን ደብቄ ነበር። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ ቆፍራ ከተማዋ የፈረሰችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ነው አለች፤ ከኢያሱ ዘመን ቀድሞ ማለት ነው። የተለየ ቀን የሚሰጡ አሉ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ግን ከሷ ጋር ናቸው። ልጁ ይሄን ቀድሞ ያውቅ ነበር! እስካነሳው ድረስ እየጠበቀኝ ነበር።

እና ስለ ጥቅልሎቹ 4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ይሄ ምክር አይደለም፣ የሆነውን ነው የምነግርሽ። መስከረም ሊጠባ ሲል መብራት በጠፋበት ማታ በሱ ላፕቶፕ የኢሳይያስን ጥቅልል ከፈትን። በ1947 ሙት ባሕር አጠገብ ባለው ቁምራን ዋሻ የተገኘው ነው፣ ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝመው። እስራኤል ሙዚየም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጦታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተጻፈ ይስማማሉ። ከዚያ በፊት በእጃችን የነበረው ጥንታዊ የመላው ዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉ ቅጂ ደግሞ የ1008 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ከ1,000 ዓመት በላይ አለ፤ ንባቡ ግን በአብዛኛው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የፊደል አጻጻፍ ነው።

ዕብራይስጥ አንዳችንም አናነብም። ምዕራፍ 40ን ፈልገን አገኘን። «ሣሩ ደረቀ አበባው ረገፈ» የሚለው ሁለት ጊዜ ይመጣል አይደል? ጸሐፊው መካከል ያለውን ዘሎታል። ሌላ እጅ መጥቶ የጎደለውን በመስመሮቹ መካከል አስገባ፤ ቦታ ሲያልቅበት በኅዳጉ ወደ ታች ይዞት ወረደ። የእግዚአብሔር ስም ሊመጣ ሲል ስሙን አልጻፈም፣ አራት ነጥብ ብቻ አደረገ። (ዓይኑ ነው የዘለለው ወይስ የገለበጠው ቅጂ ራሱ አጭር ነበር የሚለው ያከራክራል፤ የግሪኩ ትርጉምም ያቺን ቦታ አያካትትም።) አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ላይ የዘለሉትን ቃል ከመስመሩ በላይ ሲያስገቡ በልጅነቴ አይቻለሁ። ልጁ አራቷን ነጥብ አጉልቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያት። ኤርምያስ ግን እዚያው ቁምራን በአጭርም በረጅምም መልክ ተገኝቷል። እሱንም ነገርኩት። ከኢያሪኮ ተምሬያለሁ።

አሁን አንድ ቢሮ የገጠመኝን ልንገርሽ፤ ሳልናገር ባልፍ ያመኛል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቁምራን አራተኛው ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል፣ ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰው ቦታም ጭምር። የእኛው ሊቃውንት የያዙት መጽሐፍ ጥንታዊነቱ ከዋሻ ወጣ ማለት ነው። (ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ግን እዚያ አልተገኘም። ይሄንንም ያዢ።) የግዕዙን አንድ ገጽ ፎቶ ፈልጌ የብራና መጻሕፍት ወደሚቀመጡበት አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ከላከህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጣ።» የላከኝ የለም፣ የራሴ ጉዳይ ነው አልኩ። «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ማህተሙ ክብ አይደለም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጸሐፊዋ ቆሎዋን እየቆረጠመች ቀና ብላም አላየችኝ። አያቴ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው!

ልጁ ነው መላ ያመጣው። ሚኒሶታ ያለ ሂል የሚባል ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ ብራናዎችን ይዟል። ኢሜይል አስገብተሽ ስትመዘገቢ በነጻ ታነቢያለሽ። ክብ ማህተም አይጠይቅም። ኮራሁም፣ ተናደድኩም።

ልጁ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ጀመረ ወይ ትዪኝ ይሆናል። አልጀመረም። ግን «ተረት» የምትለዋን ቃል ትቷል፤ የኖኅ መርከብ ተገኘ የሚል ቪዲዮ ሲደርሰው ደግሞ ወደ እኔ ይልከዋል፣ «ጋሼ፣ የት ሙዚየም?» ብሎ።

43ቱን ስላይድ ወደ 6 አውርጄዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። ባነር ግን እንዳታሳትሚ። የእኔው አሁን የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። ጎማው ወደ ላይ ነው፤ ዝናብ አያስገባም።