ተሳፋሪን ሳይዘጋጅ ፎቶ ማንሳት፦ ለደብረ ማርቆሱ ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጠዋት ጠዋት በደብረ ማርቆስ መናኸሪያና በባጃጅ ውስጥ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት ትፈልጋለህ፤ «ካስፈቀድኋቸው ፊታቸው ይለወጣል፣ ካላስፈቀድኋቸው ደግሞ የሰረቅሁ ይመስለኛል፣ የትኛው ይሻላል?» ብለሃል። ከመለሱልህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ «ረጅም ሌንስ ግዛና ከሩቅ አንሳ» ብለውሃል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ባሕር ዳር ውስጥ ከሠርግና ከጉርድ ፎቶ በተረፈኝ ሰዓት አምስት ዓመት ያህል መንገደኞችን አንስቻለሁ፤ የምነግርህም ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ረጅም ሌንስ ፊቱን ይሰጥሃል፤ የሚወስድብህ ግን ብዙ ነው። የሰውየውን ጉልበት የሚገፋው የጎረቤቱ ዘንቢል፣ ከረዳቱ ጋር የሚከራከረው ተማሪ፣ በባጃጁ መስተዋት ውስጥ የምትታየው የሾፌሩ ዓይን ሁሉም ይጠፋሉ። የተሳፋሪ ፎቶ ያለ መጨናነቁ ምን ቀረው? ደግሞም ከምሰሶ ጀርባ ስታነጣጥርበት የደረሰብህ ሰው፣ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊቱ ቆመህ ካየህ ሰው ይልቅ በጣም ይቆጣል። መቆጣቱም ተገቢ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁትን ልንገርህ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አልፎ ነበር፤ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊወጣ ሲል መስኮት ዳር የተቀመጠች ሴት አየሁ። መስታወቱ በተሳፋሪው ትንፋሽ ደብዝዟል፣ እሷ ግንባሯን አስደግፋበታለች፣ የማለዳዋ ፀሐይ ጉንጯን ይዛዋለች። ሦስት ጊዜ አነሳኋት። አልጮኸችም። መስኮቱን ገፋ አደረገችና «ልጄ፣ ወንድሜን ልቀብር እየሄድሁ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ነጠላዋን ያየሁት፤ ዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ብርሃኑን እንጂ ሴትየዋን አላየሁም ነበር። ፎቶዎቹን እዚያው እያየች አጠፋሁ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኋት፣ አውቶቡሱም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ካሜራው ላይ ከማድረጌ በፊት አለባበሱን፣ የተያዘውን ዕቃ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አያለሁ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ ከሌላ አገር የመጣ ፎቶ አንሺ ማንበብ የማይችለውን አንተ ታነባለህ። ይህን ካልተጠቀምህበት የአገሩ ልጅ መሆንህ ለሥራህ ምንም አልጨመረለትም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ማስፈቀድ ወይስ አለማስፈቀድ ብለህ ስትጠይቅ፣ አንድ ቀን ሄደህ አንስተህ የምትመለስ አድርገህ ነው ያሰብኸው። ዘጋቢ ሥራ፣ ማለትም የሰውን የዕለት ኑሮ በፎቶ መመዝገብ፣ ግን መመላለስ ነው። አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ምረጥ። ለምሳሌ የመናኸሪያው መግቢያ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ካሜራህን አንገትህ ላይ በግልጽ አንጠልጥለህ ተራ አስከባሪውን፣ ቡና የምታፈላዋን፣ ሊስትሮውን፣ ረዳቶቹን ተዋወቅ። ጥቂት አንሳ፣ ብዙ ተቀመጥ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ «ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው?» ሲል መልሱን የምትሰጠው አንተ አትሆንም፤ ተራ አስከባሪው «የእኛ ፎቶ አንሺ ነው» ይልልሃል። ከዚያ በኋላ ፊታቸው አይለወጥም። ሰው ፊቱን የሚለውጠው ካሜራ ስላየ ሳይሆን የማያውቀው ሰው ስላየው ነው።

ከአንተ በፊት ሁለት አሜሪካውያን ፎቶ አንሺዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ገብተዋል፤ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 ካሜራውን ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አሾልኮ፣ የማንሻውን ገመድ በእጅጌው አሳልፎ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ያነሳ ነበር። እነዚያ ፎቶዎች ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት በ1966 ነው፤ 25 ዓመት ያህል ቆይተው። ብሩስ ዴቪድሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዚያው ባቡር ሥራውን ሲጀምር ካሜራውን ሳይደብቅ፣ አስቀድሞ ያነሳቸውን ፎቶዎች የያዘች ትንሽ አልበም ይዞ ይሳፈር ነበር። ሊያነሳው የፈለገውን ሰው አልበሟን ያሳየዋል። የሁለቱም ሥራ ትልቅ ነው፤ ለእኛ ከተሞች የሚሆነው ግን የዴቪድሰን ነው። ኢቫንስ ያነሳውን ሰው ዳግመኛ ላያገኘው ይችላል። አንተ ግን ዛሬ መናኸሪያ ያነሳሃትን እናት እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በሌላው ቀን ለቅሶ ቤት ታገኛታለህ።

ስለዚህ አልበም አዘጋጅ። በስልክ ማሳየት አይበቃም፤ ፎቶውን አሳጥበህ በእጅ የሚያዝ አድርገው። ሰው በወረቀት ላይ የጎረቤቱን ፊት ሲያይ ይስቃል፣ ለሌላው ያቀብላል፣ «እኔንስ መቼ ነው?» ይላል። ያነሳኸው ሰው ራሱን በአልበሙ ውስጥ ካገኘ አንዱን ቅጂ ስጠው፤ አታስከፍለው።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የአባይን ድልድይ ተሻግረው በብስክሌት ወደ ከተማ ይገቡ ነበር፣ ከኋላ ሁልጊዜ አንድ ጆንያ የታሰረበት። ሳያውቁ አንስቻቸው፣ በሳምንቱ አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «እኔ እንዲህ ነኝ?» አሉኝና ባርኔጣቸው ውስጥ አስገብተውት ሄዱ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ልጃቸው ፎቶ ቤቴ መጣ፤ አባቱ አርፈው ነበር። ከመታወቂያው ጉርድ በቀር ቤታቸው ያለው ፎቶ ያ ብቻ ስለሆነ ለተዝካራቸው እንዳሳድግለት ጠየቀኝ። ቆርጬ ፊታቸውን ብቻ ላወጣ ስል «ብስክሌቱንም ተወው» አለኝ።

ሕጉንም እወቀው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፦ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን። ልብ በል፤ እነዚህ አንቀጾች የሚናገሩት ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው። የመናኸሪያውን ግርግር ማሳየትና የአንዲትን ሴት ፊት ለይቶ በሆቴል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መሸጥ አንድ አይደሉም። እኔ የምከተለው ደንብ ከሕጉ ይልቅ ጥብቅ ነው፦ ፊቱ ለብቻው ጎልቶ የሚታይ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶውን ለማንም አላሳይም። ሕፃን ከሆነ ወላጁ ካልፈቀደ ጭራሹን አላነሳም።

ስለ ካሜራው ብዙ አልልም፤ ያለህ ይበቃሃል። 28 ሚሊሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም (የምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ካሜራ ላይ ካለህ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ፎከሱን፣ ማለትም ጥርት ብሎ የሚታይበትን ርቀት፣ በ2 ሜትር ቆልፈው፤ ከ1 ሜትር ከሩብ እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራው ፎከስ እስኪፈልግ ስትጠብቅ የሚያመልጥህ ቅጽበት አይኖርም። ለሚራመድ ሰው ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ከ1/250 ሴኮንድ አይዘግይ። ገና ሳይነጋ በሱቅ መብራት ሥር ስታነሳ ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሸተር ተወው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ ዓይን በማያየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፎቶህ ላይም ጥቁር ሸንተረር ያመጣብሃል። መደበኛውን ሸተር በ1/50 ወይም በ1/100 ሴኮንድ ተጠቀም።

ይበልጥ የሚያስቸግርህ ነጭ ልብስ ነው። ጋቢና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞሉት ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ የሚጨልመው ደግሞ ፊት ነው። እኔ ብርሃኑን የምለካው ከሰውየው ፊት ላይ ነው፤ ልብሱ ትንሽ ቢነጣ ይንጣ። ባሕር ዳር ከአባይ ማዶ የሚመጡት ጠዋት ወደ ምዕራብ ይገባሉ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ ይመለሳሉ፤ ፀሐይ ሄደውም ተመልሰውም ከጀርባቸው ናት። ይህን እስካስተውል ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ጥላ ብቻ ሳነሳ ኖሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጭ ግድግዳ ያለበት ሱቅ ፈልጌ፣ ግድግዳው ብርሃኑን ወደ ፊታቸው በሚመልስበት ቦታ መቆም ጀመርሁ። አንተም መጀመሪያ ሰዉ በየት በኩል እንደሚሄድና ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ አይተህ ቦታህን ምረጥ። ማርቆስ ከባሕር ዳር ከፍ ያለና ብርዳም ስለሆነ ሰው በጋቢ እስከ አፍንጫው ይሸፈናል፤ ይህን እንደ እንቅፋት አትየው፣ ዓይንና እጅ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሳንቲም የሚቆጥር፣ የአውቶቡሱን ብረት የያዘ፣ ሕፃን ያቀፈ እጅ አንሳ።

አሁን ስላለንበት ጊዜ ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መሣሪያ የያዘ ሰው፣ ኬላ፣ ድልድይና የሚጠበቅ ግቢ በፍሬምህ ውስጥ እንዳይገቡ ተጠንቀቅ። ጥበቃ ካስቆመህ አትከራከር፤ ያነሳኸውን አሳይ። ከዚህም የሚበልጠው የተሳፋሪዎቹ ደኅንነት ነው። እገሌ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ወደዚህ ከተማ ሲሄድ ነበር የሚል ፎቶ ለአንተ ጥበብ ነው፤ ለእሱ ግን ጣጣ ሊሆንበት ይችላል። እኔ የጉዞ ፎቶዎቼን ከወራት በኋላ ነው የማወጣው፤ ታፔላና የሰሌዳ ቁጥር የሚነበብበትን ደግሞ አላወጣም።

በመጨረሻ ማስታወሻ ደብተር ያዝ። ማታ ማታ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰውየው የነገረህን ጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ ፎቶዎቹን መሬት ላይ ዘርግተህ ስታያቸው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚነግርህ ያ ደብተር ነው። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ማስታወሻ የለም፤ ያን ዓመት ያነሳኋቸውን አብዛኞቹን ሰዎች ዛሬ ፊታቸውን እንጂ ማንነታቸውን አላውቅም፣ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያዎቹን 20 ፎቶዎች ካሳጠብህ በኋላ ባሕር ዳር ብቅ ካልህ አልበሙን ይዘኸው ና፤ የእኔንም አወጣና አብረን እናያለን።