«አስማተኛ» ወይስ «ምትሀተኛ»?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ትርኢት አሳያለሁ። ሳንቲም ከልጅ ጆሮ አወጣለሁ፣ ካርታ እሰውራለሁ፣ የመሀረብ ቀለም እቀይራለሁ። ከወሊሶ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ጅማ ደርሻለሁ። ማስታወቂያዬ ላይ "የአስማት ትርኢት" ብዬ ጻፍኩ። ያረፍኩበት ቤት እማማ አነበቡና "ልጄ፣ እዚህ ቤት ድግምት አይደገምም" አሉኝ። አንድ ባለሱቅ ደግሞ "ይሄ ሲሕር ነው፣ ሐራም ነው" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ልጆቹ "ማጂክ! ማጂክ!" እያሉ ይከተሉኛል። ለመሆኑ ሥራዬ በአማርኛ ምን ይባላል? ሰባት ዓመት ሠርቼው ዛሬም አላውቅም።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስታወቂያህን እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። «የአስማት ትርኢት» የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ደብዳቤህ ባይመጣም መጻፌ አይቀርም ነበር።

እማማን አትቀየማቸው። ያጠፋኸው አንተ ነህ።

«አስማት» የግእዝ ቃል ነው። የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ትርጉሙ «ስሞች» ነው፣ አለቀ። ታዲያ ስሞች እንዴት የሚያስፈራ ነገር ሆኑ? መንገዱ በክታብ በኩል ነው። ብራና ላይ የሚጻፈው ክታብ የአምላክን ኅቡእ ስሞች ይደረድራል። ሰሎሞን አጋንንትን አሰረባቸው የሚባሉትም ይገቡበታል። የባለቤቱ የክርስትና ስምም መሀል ላይ ይጻፋል። ስሙን የያዘ ባለስሙን ያዘ ነው ነገሩ። ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው «የእናትህ ስም ማነው?» የሚባለውም ለዚሁ ነው። «አስማት ደገመ» ሲባል፣ ሲባል፣ ስሞቹ ተረሱና ድርጊቱ ብቻ ቀረ። እንግዲህ አስማት ውስጥ ጥሪ አለ። የሆነ ስውር ኃይል በስሙ ይጠራል። አንተ ማንን ትጠራለህ? ሳንቲሙ ያለው እጅጌህ ውስጥ ነው።

«ድግምት» የመጣው ከ«ደገመ» ነው። እማማ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግሙ ይሆናል፤ ግሱ አንድ ነው። ይህን ግን ለእሳቸው አትንገራቸው፣ ማደሪያ ታጣለህ። የባለሱቁ «ሲሕር» ዐረብኛ ነው። ኦሮምኛው «ፈልፈላ» ይለዋል። ሁለቱም ከባድ ቃላት ናቸው፣ ለጨዋታ አይሆኑም።

ልጆቹ ወዳመጡት «ማጂክ» ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ። ቃሉ በእንግሊዝኛ በኩል መጣ እንጂ ሥሩ የግሪኩ «ማጎስ» ነው፣ ከዚያም ወዲያ ፋርስ ይደርሳል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ኮከብ አይተው ከምሥራቅ የመጡትን ሰዎች ግሪኩ የሚጠራቸው በዚሁ ቃል ነው። የኛ ተርጓሚዎች ግን ቃሉን እንዳለ አልወሰዱትም። «ሰብአ ሰገል» አሏቸው፣ የሰገል ሰዎች። ሰገል ጥንቆላ፣ ኮከብ ቆጠራ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ማጂክ» ብለው ሲጮኹ ሳያውቁት የሰብአ ሰገልን ስም እየጠሩ ነው። እማማም ገና በመጣ ቁጥር ሰብአ ሰገልን በደስታ ያነሳሉ። ለጥያቄህ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ግእዝ «ሥራይ» ይላል፣ መድኃኒትም መርዝም ድግምትም ነው። «ዐቃቤ ሥራይ» ሐኪም ነው። «መሠርይ» ደግሞ ጠንቋይ፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለውን ጠንቋይ ሲሞን መሠርይን አስታውስ። ይኸው «መሠርይ» ዛሬ አማርኛችን ውስጥ «መሠሪ» ሆኖ ተንኮለኛ ሰው ማለት ሆኗል።

አንድ ወዳጄ እዚህ ላይ ይይዘኛል። «መሠሪ ትርጉሙን ሲቀይር ዝም ብለሃል፤ አስማት ሲቀይር ለምን ትጮሃለህ? ሕዝቡ አስማት ካለው አስማት ነው» ይላል። ቡና በጠጣን ቁጥር ይህን ያነሳል። መልሴ አጭር ነው፦ መሠሪ ቤቱን ለቆ ሄዷል፣ አስማት ግን ገና ቤቱ ውስጥ ነው። ባይሆንማ እማማ ለምን ይደነግጡ ነበር? በ1856 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ሮበርት ኡዳን የተባለ ያንተን ሙያ ሰው ወደ አልጄሪያ ልኮ ነበር። «የአገሬውን ሰዎች ጉልበት ወስጃለሁ» ለማለት፣ ጠንካራ ሰው እንኳ የማያነሳው ሣጥን አሳየ። ሣጥኑን ወለሉ ላይ የያዘው ከሥር የተደበቀ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። የሠራው ጨዋታ ነው፣ የሸጠው ግን እንደ አስማት ነው። አንተ እንደዚያ አታደርግም። ታዲያ ቃሉን ለምን ትዋሳለህ?

የኔ ምርጫ «ምትሀት» ነው። ደቀ መዛሙርቱ ጌታ በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ በአማርኛው ወንጌል «ምትሀት ነው» ብለው ይጮኻሉ። ዐይን ያየው፣ ልብ ግን አለ ብሎ ያላመነው ነገር ነው። ያንተ ሥራ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ወዳጄ «ያ እኮ የሙት ጥላ፣ መንፈስ ማለት ነው፤ የካርታ ጨዋታ አይደለም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ማስረጃው ለሱ ያደላል። ቢሆንም ቃሉ ቀለል ይላል፣ ማንንም አይጠራም፣ ጆሮዬም ይወደዋል።

በትክክለኛነት ከሄድንማ የሚበልጠው «ማጭበርበር» ነበር። ፀሐይ ዐይናችንን ስትመታው «ዐይኔን አጭበረበረኝ» እንላለን። ያንተ ሙያ ልክ ይኸው ነው። ግን «የማጭበርበር ትርኢት» ብለህ ብትለጥፍ መጀመሪያ የሚመጣው ታዳሚ ፖሊስ ነው።

በቅርቡ የልጅ ልጄን «ይህ ሰውዬ ምንድን ነው?» ብዬ ማስታወቂያህን አሳየኋት። «አስማተኛ» አለችኝ። «ምን ያደርጋል?» አልኳት። «ይሸውዳል፣ ግን ደስ ይላል።» ጠንቋዩም ክታቡም ትዝ አላላትም። ምን ላድርግ፣ ሃያ ዓመት ሲያልፍ ወዳጄ ይረታ ይሆናል። «አስማቶች» ሲባል ግን ዛሬም አልችልም፤ «ስሞችዎች» እንደ ማለት ነው።

ለአጋሮና ለበደሌ አዲስ ማስታወቂያ ማተምህ አይቀርም። በትልቁ «የምትሀት ትርኢት»፣ ከሥር በትንሹ ለልጆቹ «ማጂክ» በል። «ምትሀት»ን ደግሞ በሃሌታው «ሀ» ጻፈው። ቅዳሜ ማታ ያሳየኸውን አይቻለሁ፤ ወረቀትህ ላይ ግን «ትርኢት» «ትሪት» ተብሎ ታትሟል። አታሚውን ብር አስመልሰው።