የጁስ ቤቷ ዝንብና ሳይጀመር የቀረው ጥናት

ሰሞኑን አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የነርቭ ሳይንስ ልቤን ወስዶታል። ግን ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ እችላለሁ? ብተወው አይሻልም?» ቶሎ ልመልስላት ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለኝና ደብዳቤው ረዘመ።

ልጁ ዝንብ ያረባ ነበር። ትልቁን የቤት ዝንብ እንዳይመስላችሁ። ጁስ ቤት የማንጎ ልጣጭ ላይ የምታንዣብበዋን ደቃቃ፣ ድሮሶፊላን ነው። የበሰበሰ ማንጎ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፤ አፉን በነጠላ ቁራጭ ያስራል። ከቀናት በኋላ እጮቹ ከማንጎው ወጥተው በጠርሙሱ ግድግዳ ሽቅብ ይሳባሉ። ከዚያ ቀጥ ይላሉ። ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፤ ፑፓ (እጭ በሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ዝንብ የሚለወጥበት ደረጃ) መሆን ጀመሩ ማለት ነው። ቆዳቸው መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ሰዓት ሳይሞላው ወደ ቡናማ ይሄዳል። ልጁ የሚያደባው ለዚያች ነጭ ጊዜ ነበር። ልክ ሲያያት ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ይከብና ሰዓቱን ይጽፋል። መብራት ከጠፋ በስልኩ ባትሪ።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገው? እጩ ወደ ዝንብ ሲለወጥ አንጎሉ ውስጥ የሚካሄደው የማፍረስ ሥራ የሚቆጠረው ከዚያ ስለሆነ ነው። እጩ ሽታን የሚያስታውስባቸው አንዳንድ ነርቭ ሴሎች አይሞቱም፤ መልእክት የሚልኩበትን የአክሰን ቅርንጫፍና መልእክት የሚቀበሉበትን ዴንድራይት ግን ያራግፋሉ። ከነጯ ጊዜ 18 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ተራግፎ አልቋል። ከዚያ ለበራሪዋ ዝንብ የሚሆን አዲስ ይበቅላል። አዛዡ ኤክዳይሶን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ግን ሰውነቱን ሁሉ ይዞራል፤ ሌላው ሴል ለዚያ ትእዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በነርቭ ሴሉ ዙሪያ ያሉት ግሊያ የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች ማዮግሊያኒን የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ። ነርቭ ሴሉ ያንን ሲቀበል የኤክዳይሶን ተቀባዩን ያበዛል፤ ሆርሞኑም ያኔ ይሰማዋል። ስብርባሪውን የሚበሉትም እነዚያው ግሊያዎች ናቸው። እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ፕሮፖዛሉን ያቀረበ ቀን ገምጋሚው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ አለህ?» ነርቭ ሴልን በሌዘር አጥርቶ የሚያሳየውን ውድ መሣሪያ ማለቱ ነው። የለውም። «እንግዲያውስ ርዕስ ቀይር።» ቀየረ። እንቦጭ ላይ ሠራ። እንቦጭም መጠናት አለበት፣ ጣናን አንቆ ይዞታል፤ የልጁ ልብ ግን ጠርሙሶቹ ጋ ነበር። ተመርቆ ባንክ ገባ። ዛሬ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ዝንቦቹ አላነሳበትም።

የሚቆጨኝ፣ ለገምጋሚው የሚሆን መልስ በዓለም ላይ ነበረ፤ እኔ ያነበብኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ፖላንዳዊው ሳይንቲስት ስቴፋን ኮፔች አባጨጓሬ ወስዶ ወገቡን በክር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ቀደም ብሎ ሲያስረው የፊቱ ግማሽ ፑፓ ሆነ፣ የኋላው አባጨጓሬ እንደሆነ ቀረ። የነርቩን ገመድ ሲቆርጥ ግን ለውጡ አልተቋረጠም። ስለዚህ መልእክቱ በነርቭ ሳይሆን በደም ነው የሚሄደው፣ ምንጩም አንጎል ነው አለ። ይህን በ1922 አሳተመ። በክር!

እዚህ ላይ ራሴን ልቃረን። ኤክዳይሶንን ራሱን ለማውጣት ጀርመናውያኑ ኬሚስቶች ቡተናንትና ካርልሰን በ1954 ግማሽ ቶን የሐር ትል ፑፓ ፈጅተው 25 ሚሊግራም ብቻ ነው ያገኙት። ክር ብቻውን አያዘልቅም። ማዮግሊያኒንንም በማርማላታ ጠርሙስ አታገኙትም። መሣሪያ ወዳለበት መሄድ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታናድዱኛላችሁ፤ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ «ገባኝ» ትላላችሁ። እጩ ቀጥ ሲል አጠገቡ የተቀመጠ ስንቱ ነው? በሌላ በኩል፣ እኛ በጠመኔ ብቻ ተምረን ስንት ነገር ሳናውቅ እንደቀረን ሳስብ እቀናባችኋለሁ።

እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ፣ ሒሳብ አትተዪ አልልሽም፤ ሰልችቶሻል። ይልቅ በ25 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል። የባሕር ዳር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ስንት ይሆናል? ነጯን ጊዜ ስንት ሰዓት ላይ ታገኛታለሽ? ቴርሞሜትር ከጠርሙሱ አጠገብ አድርጊና መዝግቢ። ውጭ አገር ላለ ላብራቶሪ ስትጽፊ ያንን ሰንጠረዥ አያይዢው። የማንጎ ወቅት ካለፈ ሙዝም ይሆናል።