ግሪን ካርድ ያለው ሰብሳቢ ከሌላ ስቴት ያገለገለ ኮልት ፓይተን ሲገዛ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት አመለክታለሁ። የቆዩ ሪቮልቨሮች (ባለ ከበሮ ሽጉጦች) እሰበስባለሁ፤ እስካሁን ሁለት አሉኝ። አሁን ጆርጂያ የሚኖር አንድ ግለሰብ በ1969 የተሠራ ኮልት ፓይተን በ3,200 ዶላር ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ቅዳሜና እሁድ አትላንታ ድረስ ነድቼ ባመጣው፣ ወይም እዚያ ያለ ጓደኛዬ በስሙ ገዝቶ ቢያቆይልኝ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ በሁለቱም በኩል። የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የንግድ ፈቃድ የሌላቸው፣ የተለያየ ስቴት ነዋሪ የሆኑ ሁለት ሰዎች መሣሪያ በቀጥታ እንዳይሻሻጡ ይከለክላል። ሻጩ አሳልፎ በመስጠቱ፣ እርስዎ ደግሞ ወደሚኖሩበት ስቴት በማስገባትዎ ትጠየቃላችሁ፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። «አሮጌ ነው፤ ለስብስብ እንጂ ልተኩስበት አይደለም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። በፌዴራል ሕግ ከነጭራሹ እንደ ጦር መሣሪያ የማይቆጠረው እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጥንታዊ መሣሪያ ሲሆን፣ ፓይተን ደግሞ ገበያ ላይ የወጣው በ1955 ነው።

የጓደኛዎ መንገድ ነገሩን ያባብሰዋል። ከግለሰቡ ገዝቶ ቢሰጥዎ፣ እሱም የጆርጂያ ነዋሪ ስለሆነ የስቴቱ ድንበር እንዳለ ነው። ከመደብር ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ገዢ ሁሉ በሚሞላው የፌዴራል ቅጽ፣ ፎርም 4473 ላይ «ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ» ብሎ ይፈርማል፤ ይህ ሐሰተኛ ቃል እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 የወሰነው የአብራምስኪ ጉዳይ ከእርስዎ ጉዳይ ጋር ይቀራረባል፤ የቨርጂኒያ ነዋሪ ፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው መሣሪያ ለመያዝ ምንም የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም በገዢው ላይ የተሰጠው ፍርድ ጸና።

ትክክለኛው መንገድ ያን ያህል አድካሚ አይደለም። መጀመሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይምረጡና ከሌላ ስቴት የመጣ ሽጉጥ ተቀብሎ እንደሚያስረክብ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ከመረከብዎ በፊት ሱቁ ውስጥ እንዲመረምሩት እንደሚፈቅድ ይጠይቁት። ሻጩ ሽጉጡን አትላንታ ላለ ነጋዴ ይሰጣል። የእርስዎ ነጋዴ የፈቃዱን ቅጂ ይልካል፤ ያኛው የፈቃዱን ቁጥር በኤ ቲ ኤፍ (የጦር መሣሪያ ንግድን በሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ አረጋግጦ ሽጉጡን ይልከዋል። ሻጩ «እኔው በፖስታ ልላክልህ» ቢል እንቢ ይበሉ። ፖስታ ቤቱ ፈቃድ ከሌለው ሰው ሽጉጥ አይቀበልም፤ ዩ ፒ ኤስና ፌዴክስም ከ2022 ወዲህ የሚያስተናግዱት ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ነው። ዕቃው ሌላ ነገር ነው ብሎ መላክማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በምርመራው ላይ ነው። ፎርሙን ሞልተው ሽጉጡን ከተረከቡ በኋላ «አልተስማማኝም» ብለው መመለስ ማለት በሁለት ነጋዴዎች በኩል ሌላ ዝውውር ማድረግ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የምትጻጻፉት ውል ላይ ሦስት ነገሮች ይግቡ፦ ሙሉው የመለያ ቁጥር፣ ሽጉጡ ሱቁ ከደረሰ በኋላ ለምርመራ የሚሰጥ ጊዜ (3 የሥራ ቀን ይበቃል)፣ ውሉ ቢፈርስ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚችል። ከዚያ ሱቅ ሲሄዱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ወደ ውጭ ይክፈቱ። የመለያ ቁጥሩ ከበሮው በሚታጠፍበት ክንድ ላይና ከክንዱ ሥር ባለው አካል ላይ ተቀርጿል፤ ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ክፍሎቹ ከተለያየ ሽጉጥ የተገጣጠሙ ናቸው። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተመትቶ ከሆነ አይንኩት፤ ቁጥሩ የጠፋ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ወንጀል ነው። ቀጥሎ ከበሮውን ዘግተው መቺውን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ መቺው መጨረሻ ላይ ሲቆም ከበሮውም «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። በስድስቱም ጉድጓድ ይሞክሩት። ሳይቆለፍ የሚቀር ካለ ከበሮውን የሚገፋው ክፍል በልቷል፤ የቆዩ ፓይተኖች የታወቁበት ደካማ ጎን ነው፤ ጥገናውም እነዚህን ሽጉጦች የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ከዋጋው መቀነስ ካለበት ይህን ሲያዩ ነው።

አሁን ወደ ፎርም 4473 እንምጣ፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ከሽጉጡ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ወረቀት ነው። ቋሚ ነዋሪ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። ግሪን ካርዱንና አሁን የሚኖሩበት አድራሻ ያለበትን መታወቂያ ይያዙ። የየት አገር ዜጋ ነዎት በሚለው ጥያቄ ላይ አሜሪካ የሚለውን ሳጥን በችኮላ ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ያልሆኑትን «ዜጋ ነኝ» ማለት ፍርድ ቤት ሳይፈርድብዎ እንኳ ለዲፖርት የሚያበቃ ምክንያት ነው፤ ለዜግነት ማመልከቻም መርዝ ነው። «ነጋዴው ነው የሞላው» የሚል ሰበብ አይሠራም፤ እያንዳንዷን መልስ አንብበው ራስዎ ይሙሉ። ማሪዋናን በተመለከተ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂዎች ብትፈቅድም ፎርሙ የሚጠይቀው በፌዴራል ሕግ ነው። በትዳር ጠብ የተነሣ የጥበቃ ትእዛዝ ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ፍርድ ካለብዎት፣ ቀላል ጥፋት ተብሎ የተዘጋም ቢሆን፣ ሱቁ በር ሳይደርሱ ጠበቃ ያማክሩ። ፎርሙ ሲሞላ ነጋዴው የገዢውን የጀርባ ታሪክ ያስጣራል፤ ለዜጋ ያልሆነ ሰው የኢሚግሬሽን ማጣሪያ ስለሚጨመር የማጣሪያው መልስ «ይቆይ» ሊል ይችላል፤ ይህ ክልከላ አይደለም። «ተከልክሏል» ካለ ግን ሌላ ሱቅ ሄደው አይሞክሩ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና ይግባኝ ይበሉ።

አንድ የቨርጂኒያ ገደብም አለ፦ ባለፉት 30 ቀናት ሌላ ሽጉጥ ከገዙ፣ ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአንድ ወር አንድ ሽጉጥ ሕግ ሊይዝዎት ይችላል።

ስብስብዎን ማስፋት ካሰቡ የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ ዓይነት 03 ይባላል፣ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው። ከተሠራ 50 ዓመት የሞላውና መጀመሪያ እንደተሠራ ያለ መሣሪያ «ኪዩሪዮ» ወይም «ሬሊክ» ተብሎ ስለሚመደብ የ1969ኙ ፓይተን ይገባል፤ አፈሙዙ ተቆርጦ ከሆነ ግን አከራካሪ ይሆናል። ፈቃዱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሌላ ስቴት በቀጥታ እንዲቀበሉ የፌዴራሉን ክልከላ ያነሣልዎታል፤ የስቴቱን ሕግ ግን አይሽርም፣ ገዝቶ ለመሸጥም አይደለም። በተጨማሪም መዝገብ ያስይዛል፦ የገባውን እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ የወጣውን በ7 ቀን ውስጥ መጻፍ ግዴታ ነው። ለአንድ ሽጉጥ ሲባል ይህን ሸክም ባይሸከሙ እመርጣለሁ።

በመጨረሻ ስለ ሁለቱ የቀድሞ ሪቮልቨሮች። በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ራሱን የቻለ የዲፖርት ምክንያት ነው፤ የዜግነት ማመልከቻውም ያልተያዙበትን ወንጀል ጭምር ፈጽመው እንደሆነ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ስቴት ከግለሰብ በቀጥታ የመጣ ከሆነ፣ ለሻጩም ሆነ ለጓደኛ በጽሑፍ አንዳች ነገር ሳይሉ፣ ማመልከቻውንም ሳያስገቡ፣ ኢሚግሬሽንንም ወንጀልንም ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።