ሚትቦል እንዳይደርቅ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ ስለ ሚትቦል (የተፈጨ ሥጋ ድብልብል) ነው። ጥያቄዎቹ ከአያት፣ ከለገዳዲ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። መላሿ ድሮ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን ለገጣፎ ላይ በትእዛዝ ምግብ አዘጋጃለሁ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እሳት ነው፤ እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥጋ ቤት ነው የምመልሰው። ሚትቦል መድረቅ የሚጀምረው ገና ሥጋው ሲቆረጥ ነውና።

ጥያቄ (ከአያት)፦ እትዬ፣ እንግዳ ነበረብኝና ገንዘብ ሳልሰስት ጭቅና ገዝቼ አስፈጨሁ። ሲበስል ግን ድርቅ አለ፤ ልጆቹ እንኳ በውኃ ነው ያወረዱት። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ጮማ ነዋ! ጭቅና ለጥብስና ለክትፎ የሚመረጥ ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ስብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስብ የሌለው ሥጋ ተፈጭቶ እሳት ሲነካው ውኃውን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ አፍ ውስጥ የሚያለሰልሰው ነገር አይኖርም። ለሚትቦል ከ1 ኪሎው ውስጥ 800 ግራም ያህሉ ቀይ ሥጋ፣ 200 ግራም ያህሉ ጮማ ይሁን። ቀዩን ከወርች አስቆርጪ፤ ብዙ የሠራ ጡንቻ ስለሆነ ጣዕሙ ከጭቅና ይበልጣል፤ ጠንካራነቱን ደግሞ መፍጫው ይጨርስልሻል። ጮማውን ከፍሪምባ ወይም ከሻኛ ውሰጂ።

የሥጋ ቆራጮቻችንን ልማድ ታውቂዋለሽ። «ለእርስዎማ ንጹሑን ነው የምሰጥዎት» ብለው ነጩን ሁሉ በቢላዋ ጫፍ እየገፈፉ ወደ ጎን ይጥሉታል። አክብሮት ነው፤ ግን ለሚትቦል የሚፈለገው ያው የተጣለው ነው። ሳያነሣው ቀድመሽ ንገሪው። ከኩላሊት ዙሪያ የሚወጣውን ጠንካራ ሞራ ግን አትቀበይ፤ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በቤት በግ ታርዶ ከሆነ ላቱ ከሁሉም ይሻላል፤ ከበሬ ስብ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ጠረኑ ግን ስለሚጎላ 150 ግራም ይበቃዋል።

አስፈጨሁ ብለሻል፤ ስንት ጊዜ? በደቃቁ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ የተፈጨ ሥጋ ሊጥ ይሆናል። መፍጫው ሲሠራ ውሎ ሞቆ ከሆነ ደግሞ ስቡ እዚያው መሟሟት ይጀምራል፤ ድስት ሳይደርስ ግማሹ ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። በሰፊው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ይፈጭልሽ። ጊዜ ካለሽና ቢላዋሽ ከተሳለ ግን ለክትፎ እንደሚደረገው እቤት ራስሽ ብትከትፊው ደስ ይለኛል፤ እኔ ለራሴ ቤት ስሠራ መፍጫ አልነካም።

ጥያቄ (ከለገዳዲ)፦ ዳቦ የሚገባበት ለምንድን ነው? ለእኔ ሥጋውን ለማብዛት ብቻ ይመስለኛል።

መልስ፦ እንደዚያ የሚያደርጉ አይጠፉም፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎ ከምንም አልመጣም። ልኩን የጠበቀ ዳቦ ግን ሌላ ሥራ አለው። ሥጋ ሲሞቅ ፕሮቲኑ እየተኮማተረ እርስ በርሱ ይያያዝና በውስጡ ያለውን ውኃ ጨምቆ ያወጣል። በወተት የራሰ ዳቦ በመካከል ገብቶ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፤ የዳቦው ስታርችም የሚወጣውን ውኃና ቅባት ይዞ ያስቀራል። ለ1 ኪሎ ሥጋ ቅርፊቱ የተነሣለት 100 ግራም ዳቦና 150 ሚሊ ሊትር ወተት ይውሰዱ። ፉርኖ ዳቦ ጥሩ ነው፤ የትናንቱ ከዛሬው ይሻላል። 10 ደቂቃ ይንከሩትና በሹካ ገንፎ እስኪመስል ይጨፍልቁት። አይጭመቁት! ወተቱን ከጨመቁት ዳቦው የገባበት ምክንያት አብሮ ይደፋል።

የደረቀ ዳቦ ፈጭተው ሳያርሱ የሚነሰንሱ አሉ። ያ ደረቅ ዳቦ የሚጠጣውን ውኃ የሚያገኘው ከሥጋው ነው፤ ውጤቱም ተቃራኒ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ወተት ለልጄ አይስማማም። እንቁላልስ ስንት?

መልስ፦ በወተቱ ፋንታ የአጥንት መረቅ፣ ያለዚያም ውኃ። እንቁላል ለ1 ኪሎ 1 ብቻ፤ ሲበዛ ያጠነክረዋል።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ እህቴ፣ ቤት ውስጥ ዳቦ አይጠፋም አይባልም። የእንጀራ ድርቆሽ ቢገባበትስ?

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም ውኃ በደንብ ይይዛል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ድርቆሹን አድቅቀሽ ለብ ባለ መረቅ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አርሺው፤ ካልራሰ ጥርስ ላይ ይሰማል። ሁለተኛ፣ እርሾው የበሰለ እንጀራ ከሆነ ኮምጣጣነቱ ከቲማቲም ስልስ ጋር ተደምሮ ይበዛል፤ ስልሱን በተቁላላ ሽንኩርት አጣፍጪው። ከዳቦው መጠን በ20 ግራም ያህል ቀንሺለት። ለፓስታ አልመክረውም፤ ለእንጀራ ግን የቤት ጣዕም አለው።

ጥያቄ (ከካራ)፦ ሽንኩርቱ ጥሬውን ነው ወይስ ተቁላልቶ? እኔ ጋ ድብልብሉ እየተሰነጠቀ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ ተቁላልቶ፣ ቀዝቅዞ። ጥሬ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲገባ ውኃ ይለቃል፤ ራሱ ደግሞ ይሟሽሽና ቦታው ባዶ ይቀራል። መሰንጠቁ ከዚያ ነው፤ በተለይ ከትፈሽው ትልልቅ ሆኖ ከሆነ። አንድ ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈሽ በትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ሳይጠቁር አለስልሺው፤ ነጭ ሽንኩርቱን በመጨረሻ ጣል አድርጊበት። ትኩሱን ሥጋው ላይ እንዳትገለብጪ፤ ስቡ ይቀልጣል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ እትዬ፣ እናቴ «እስኪያያዝ ድረስ እሺው» ትለኛለች። እርስዎ ደግሞ «አትሺው» ይላሉ ሲባል ሰማሁ። የትኛውን ልስማ?

መልስ፦ እናትሽን በሌላው ሁሉ ስሚ፤ በዚህ ግን እኔን። በጨው ብዙ የታሸ ሥጋ ፕሮቲኑ ይሟሟና ይጣበቃል። ይህ ለቋሊማ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ቋሊማ ጠንከር ብሎ ሲነከስ መመለስ አለበት። ሚትቦል ግን በሹካ ጎን ሲነካ መከፈል አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋው ከፍሪጅ ወጥቶ እጅ የሚያቀዘቅዝ ይሁን። በሰፊ ሳሕን ላይ መጀመሪያ ሥጋ የሌለበትን ሁሉ አዋሕጂ፦ የራሰውን ዳቦ፣ እንቁላሉን፣ የቀዘቀዘውን ሽንኩርት፣ ቅመሙን፣ ለ1 ኪሎ ከ15 እስከ 18 ግራም ጨው። ይህ ለጥ ያለ 1 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይሆናል። ይህን የፈለግሽውን ያህል ብታሺው አይጎዳም፤ ሥጋ የለበትማ። ከዚያ ሥጋውን በታትነሽ ጨምሪበትና ጣቶችሽን ከፍተሽ ከሥር ወደ ላይ እያነሣሽ ጣይው። መዳፍሽ አይጫን። የዳቦው ነጭ ለብቻው መታየቱን ሲያቆም ሥራው አልቋል።

ማወቂያው ዓይንና ጣት ነው። በትክክል የተዋሐደ ሥጋ ውስጥ ትንንሽ የስብ ነጠብጣቦች ለየብቻ ይታያሉ፤ ትንሽ ቆንጥረሽ ስትስቢው ቶሎ ይበጠሳል። ቀለሙ ወጥ ሆኖ ሐመር ካለ፣ ሲሳብ ጭራ ካወጣ፣ የሳሕኑ ግድግዳም በስብ ከተለቀለቀ ከልክ በላይ ታሽቷል። ያኔ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ጠፍጠፍ አድርገሽ ለዳቦ በሥጋ ተጠቀሚበት።

ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊው። ከዚያ እጅሽን በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠብሽ በግምት 40 ግራም፣ ከሎሚ አነስ እያደረግሽ አድቦልቡዪ። ከላይ በነገርኩሽ መጠን 35 ገደማ ይወጣዋል።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ጨው መብቃቱን ለማወቅ ጥሬውን ብቀምሰው ምን አለበት? ጥሬ ሥጋ እንደሆነ እንበላለን።

መልስ፦ ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ከሆኑ ልከራከርዎት አልነሣም፤ ብርንዶውን የሚቆርጡት ግን በዓይንዎ እያዩ ነው። የተፈጨ ሥጋ የላዩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ላይ የሆነ ነው፤ መፍጫውን ማን መቼ እንዳጠበው አይታወቅም፤ ጥሬ እንቁላልም አለበት። ኮሶው ደግሞ አይረሳ። የጣት ጫፍ የምታህል ቆንጥረው መጥበሻ ላይ አብስለው ይቅመሱ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የበሰለውና ጥሬው ደግሞ የጨው ጣዕማቸው አንድ አይደለም።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ በእንጀራው ምጣድ ላይ ብጠብሰው ብዙ በአንድ ጊዜ ይወጣልኝ ነበር።

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ቅባትና ጨው የነካው ምጣድ እንጀራውን ይይዝብሻል፤ ከዚያ አሰሳው ማለቂያ የለውም። ብረት ድስት ወይም ከባድ መጥበሻ ይበቃል። ወለሉን የሚሸፍን ዘይት በደንብ አሙቂ፤ ድብልብሎቹን አራርቀሽ አስቀምጪ፤ ከተጨናነቁ ይቀቀላሉ እንጂ አይጠበሱም። ቀይ ቡናማ እስኪሆኑ ብቻ እያዞርሽ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፤ ውስጡ ገና ጥሬ ነው፤ ይሁን።

አንድ ነገር ላስተካክል፤ ብዙ ሰው ይህ መጥበስ «ውኃውን ውስጥ ይዘጋል» ይላል። አይዘጋም። ቅርፊቱ ጣዕም ነው። ስለዚህ ውኃውን ለመያዝ ሲባል ማክረር አያስፈልግም። ከድስቱ ሥር የተያዘውን ቡናማ ግን እንዳትጥዪው፤ ቲማቲሙን እዚያው ላይ ጨምረሽ በእንጨት ማማሰያ ፋቂው፤ የስልሱ ግማሽ ጣዕም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ጡረታ ወጥቼ ነው ምግብ ማብሰል የጀመርኩት። ልጄ ከውጭ አገር በላከችልኝ አሠራር ላይ ስልሱ ውስጥ 10 ደቂቃ ይላል። በ10 ደቂቃ ከፈትኩት፤ ውስጡ ቀይ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም፣ አባቴ፤ የከፍታው ነው። የውጭው አሠራር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ስለሆነች ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እርስዎ ያሉበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ባቄላና ሽምብራ እኛ ጋ ቶሎ የማይበስሉት በዚህ ነው። ለሚትቦል ግን ችግር አይደለም፤ ውስጡ መድረስ ያለበት 71 ዲግሪ ነው፤ ጊዜ መጨመር ብቻ ነው። ክዳኑን ገርበብ አድርገው በቀስታ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቆዩት። ስልሱ አልፎ አልፎ አረፋ ያውጣ እንጂ አይንተክተክ፤ የሚንተከተክ ድስት ድብልብሉን ያጋጨዋል፣ ያጠነክረዋልም። ሲጠራጠሩ ትልቁን መርጠው መሐሉን ይክፈሉት፤ ቀይ ፈሳሽ ካለው ይቆይ። ለልጅዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ በርበሬው ሥጋው ውስጥ ነው የሚገባው?

መልስ፦ ስልሱ ውስጥ። ደረቅ በርበሬ ሥጋው ውስጥ ሲገባ አይበስልም፤ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ያለችውንም እርጥበት ይጠጣል። ከሽንኩርቱ ጋር ይቁላላ። ሥጋው ውስጥ ጥቁር ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ካለ አንድ ቁንጥር ኮሰረት ይበቃዋል። መከለሻውን ድስቱ ሲወርድ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ማክሰኞ ማታ ነው ጊዜ የማገኘው። ረቡዕ ጾም ነው፤ ጥሬውን አድቦልቡዬ እስከ ሐሙስ ባቆየውስ? መብራትም እየጠፋ ያስቸግረናል።

መልስ፦ ጥሬውን አይሆንም። የተፈጨ ሥጋ ከ1 ቀን በላይ ፍሪጅ ውስጥ ባያድር ይመረጣል፤ ጨው የገባበት ደግሞ ባደረ ቁጥር እየተጣበቀ ይሄዳል። ማክሰኞ ማታውኑ በስልሱ አብስይው፤ ቶሎ አቀዝቅዘሽ ፍሪጅ አስገቢ። ሐሙስ እንዲያውም ይጣፍጣል፤ ቅመሙ ገብቶበት ያድራል። የበሰለው ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ፤ ተዘግቶ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ለጥሬ ሥጋ አልዋስም፤ የበሰለውንም ቢሆን እኔ አላቀርበውም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ በዶሮስ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ የጭኑ ሥጋ ይሁን፤ ፈረሰኛው ብቻውን ይደርቃል።

ጥያቄ (ከለገዳዲ)፦ የተረፈውን ሳሞቀው ይጠነክርብኛል።

መልስ፦ ከስልሱ አታውጡት። ጥቂት ውኃ ወይም መረቅ ጠብ አድርጋችሁበት፣ ከድናችሁ፣ በቀስታ እሳት ሙቀቱ መሐሉ እስኪደርስ ብቻ። የምትበሉትን ያህል ቀንሳችሁ አሙቁ እንጂ ድስቱን ሙሉ ደጋግማችሁ አታፍሉ። ለፓስታ ከሆነ ስልሱን ቀጠን፣ ለእንጀራ ከሆነ ወፈር አድርጉት።