መተግበሪያው «ደርሷል» ቢልም ዕቃው ካልደረሰ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከአዲስ አበባ ነጋዴ ላፕቶፕ ገዝቼ ዋጋውን በቴሌብር ከፍያለሁ፤ ሻጩም ቤቴ ድረስ ሊልክልኝ ተስማምቷል። ጉዞውን በአድራሹ ድርጅት የስልክ መተግበሪያ ስከታተል ቆይቼ «ደርሷል» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ የተቀበልኩት ነገር ግን የለም። ሻጩ «ከአድራሹ ጋር ጨርሱ» ይለኛል። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ «ደርሷል» የሚለው ጽሑፍ አድራሹ ራሱ የመዘገበው የአንድ ወገን ቃል እንጂ እርስዎ የሰጡት መተማመኛ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው የግዴታውን መኖር፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ ለመቅረቱ ምክንያት የሆነውን ነገር እንዲያስረዳ ያዛል። እርስዎ መግዛትዎንና መክፈልዎን ካስረዱ፣ ዕቃው መድረሱን የማስረዳት ሸክም የሻጩ ነው። አንቀጽ 1741ም ግዴታ የሚፈጸመው ለባለመብቱ ወይም እንዲቀበል ለተፈቀደለት ሰው መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ላፕቶፑ ያለ ፈቃድዎ ለጎረቤት ወይም ለባለሱቅ ተሰጥቶ ከሆነ ርክክቡ በእርስዎ ላይ አይጸናም።

ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት በጥንቃቄ ይመልከቱ። «አዘዞ፣ ቤትዎ ድረስ አደርሳለሁ» ብሎ ከሆነ አድራሹን የመረጠውም የሚጠየቅበትም እርሱ ነው፤ ከአድራሹ ጋር ያለውን ሒሳብ ለብቻው ይተሳሰባል። የገባው ግዴታ ዕቃውን ለአጓጓዥ ማስረከብ ብቻ ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል፤ አድራሹንም አብሮ መክሰስ ሊያስፈልግ ይችላል።

መተግበሪያው ራሱ ዋነኛ ማስረጃዎ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይሰርዙት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሚሰጥ፣ ርክክብ ተፈጸመ የተባለበትን ሰዓትና በካርታው ላይ ያለውን ነጥብ የሚያሳየውን ገጽ ዛሬውኑ በምስል ያስቀሩ። ቤት በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሱቅ በሚመላከትበት እንደ ጎንደር ባለ ከተማ ነጥቡ ፒያሳ ወይም ማራኪ በተባሉት ሌሎች ሰፈሮች ላይ አርፎ ሊገኝ ይችላልና፣ ይህ ልዩነት ለክርክርዎ ትልቅ አቅም ይሆናል። የቴሌብር ደረሰኙንና ከአድራሹ ሠራተኛ የተደወሉልዎትን ጥሪዎች ዝርዝርም ይያዙ። የማረጋገጫ ኮድ ተልኮልዎት ዕቃውን ሳያዩ ለሠራተኛው ነግረው ከሆነ፣ አድራሹ ይህን እንደ ርክክብ ማስረጃ ስለሚያቀርበው ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ቀጥሎ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 እና 1773 መሠረት ለሻጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ በቂ ቀነ ገደብ ወስነው ዕቃውን እንዲያስረክብ፣ ካልሆነም ገንዘቡን እንዲመልስ ይጠይቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልፈጸመ ውሉ እንዲፈርስ፣ ገንዘብዎ እንዲመለስና ኪሳራ እንዲከፈልዎት መክሰስ ይችላሉ። ዕቃው የሚደርሰው ጎንደር ስለነበረ ክሱን ውሉ በሚፈጸምበት ቦታ ለማቅረብ ምክንያት አለዎት። ሻጩ የአዲስ አበባ ነዋሪ በመሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ሊሆን ስለሚችል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(4) መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንደሚሠራ ያስታውሱና አቤቱታዎን ወደዚያው ይዘው ይሂዱ።

እስከዚያው ድረስ የአድራሹን ሠራተኛ ስምና ፎቶ «ሌባ» ብለው በማኅበራዊ መገናኛ እንዳይለጥፉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ እርስዎም በስም ማጥፋት ሊከሰሱ ይችላሉ።