የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፦ ለወጣት ሠራተኞች የተሰጠ ምክር

ልጆቼ፣ በግንባታ ቦታ፣ በፋብሪካና በጋራዥ ለመሥራት ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ ለምትመጡ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ለብዙ ዓመታት በሥራ ክርክር ችሎት ስለ ተጎጂዎች ስቆም ደጋግሞ ያሳዘነኝን ነገር አስቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው። አብዛኛው ተጎጂ የሚሸነፈው ሕጉ ፊቱን ስላዞረበት አይደለም፤ ተቀጥሮ ይሠራ እንደነበረና አደጋው በሥራው ላይ እንደደረሰበት የሚያስረዳለት ነገር በእጁ ስለማይኖር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ መወጣጫው ተሰብሮ የወደቀ ግምበኛ እንጨቱን ማን አላልቶ እንዳሰረው እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። ሠራተኛው የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም ከሥራ ቦታው ውጭ የደረሰበት፣ ድርጅቱ በመደበው ሰርቪስ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ያገኘው ጉዳትም በዚሁ ይታያል። ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን አይካስም፤ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያን መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ሄልሜትና ቀበቶ ሲሰጧችሁ ሙቀቱን አሳብባችሁ አታውልቁ።

ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁ የምለምናችሁ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነው። ተጎጂውን ያደረሰው ሰው፣ አንዳንዴም ወዳጅ መስሎ፣ «ቤት ውስጥ ወደቅሁ በል፤ ሕክምናውን እኛ እንችልሃለን» ይለዋል። በሕመም ላይ ያለ ወጣት ለሚያሳክመው ሰው ይሉኝታ ይይዘውና እንደተባለው ይናገራል፤ ቃሉም በካርዱ ላይ ይሰፍራል። ከወራት በኋላ ያ አንድ መስመር ችሎት ፊት ሲነበብ ለማስተባበል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ሕክምናውን የሚከፍለው አሠሪ ችሮታ እያደረገ አይደለም፤ የቀዶ ሕክምናን፣ የመድኃኒትንና የሰው ሠራሽ አካልን ወጪ ጨምሮ ግዴታው ነው። ለሐኪሙ የሆነውን እንደሆነው ንገሩት፤ የት ሥራ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትሠሩ እንደተጎዳችሁ ይጻፍ። አጠገባችሁ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ስልክ ያዙ፤ የቀን ሠራተኛ ሥራ ሲያልቅ ይበተናልና በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ውሉ በቃል ከሆነ የሥራውን ሁኔታ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ እሱ ይህን አለማድረጉ የእናንተን መብት አያስቀርም። ሆኖም የፈረማችሁበት የክፍያ ዝርዝር፣ የባንክ ገቢ ወይም የመግቢያ ባጅ ለዳኛው ትልቅ ነገር ነውና ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ በጉዳቱ ምክንያት ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ በጠቅላላው ቢያንስ 49,500 ብር ማለት ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን የሕክምና ቦርድ መጠኑን በመቶኛ ይወስናል። በጡረታም ሆነ በኢንሹራንስ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። ስለዚህ ያው ሠራተኛ 20 በመቶ ቢወሰንለት 72,000 ብር ይደርሰዋል። ቦርዱ ሳይወስን ጥቂት ሺህ ብር ተቀብላችሁ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ለመፈረም አትቸኩሉ።

አቤቱታችሁንም አታዘግዩ። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ከአሠሪው ጋር የሚደረገው ሽምግልና ሲጓተት ዓመቱ ሳይታወቅ ያልፋል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

የምትሠሩበትን ቦታ፣ የተቋራጩንና የፎርማኑን ስም አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁና ለትዳር ጓደኛችሁ በስልክ ንገሯቸው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲሞት ሕጉ ለጥገኞቹ ካሳ፣ ለቀብሩም ከሁለት ወር ደመወዝ ያላነሰ ወጪ ይሰጣል፤ ነገር ግን ልጃቸው ለማን ይሠራ እንደነበር የማያውቁ ወላጆች ያንን የሚጠይቁት ሰው የላቸውም።